የእናቴ ቁስል አልጠግግ አለ፣ ስለ ፒአርፒ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ከ7 ሳምንት በፊት የግራ እግሯ ሁለት ጣቶች በቀዶ ጥገና ተቆረጡ። ቁስሉ ግን እስካሁን አልጠገገም። ዳር ዳሩ ደርቋል፣ መሃሉ አሁንም እርጥብ ነው፣ ፋሻውን በየሁለት ቀኑ ስፈታው ቢጫ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ እሷ ደግሞ ፊቷን እንዳላይባት ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

አሁን አንድ ክሊኒክ ፒአርፒ እንሥራላት አለን። ከራሷ ደም ተቀድቶ በማሽን ይሽከረከራል፣ ቀዩ ወደ ታች ሲወርድ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) የበዛበት ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይለያል፣ እሱ ነው ቁስሉ ላይ የሚደረገው። ፕሌትሌት ደም ከማርጋት ሌላ አዲስ ሥጋ እንዲበቅል የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮች ይለቃል። ይሄ ገብቶኛል። የራሷ ደም መሆኑም ደስ ብሎኛል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ወደ እግሯ የሚሄደው የደም ዝውውር አልተለካም፣ ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ መግባት አለመግባቱም አልታየም። ደም በደንብ ካልደረሰው ፕላዝማው ብቻውን ምን ያደርጋል? ስጠይቃቸው "እሱ በኋላ ይታያል" አሉኝ። ለእኔ ግን መቅደም ያለበት እሱ ነው። በዚያ ላይ በየቀኑ አስፕሪን ትወስዳለች፣ አስፕሪን ደግሞ ፕሌትሌትን ያዳክማል፣ ለልቧ የታዘዘላት ስለሆነ በራሴ ላስቆማት አልደፍርም።

እባካችሁ፣ ለስኳር ቁስል ያሠራችሁ ካላችሁ ስንት ጊዜ ተደረገላችሁ፣ ለውጡንስ መቼ አያችሁት? የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ማንን ላሳያት፣ የአጥንት ሐኪም ነው ወይስ የደም ሥር? ቀጠሮው ሐሙስ ነው።