የሲኤ 15-3 ውጤት ከፍ ማለቱ የጡት ካንሰር ተመልሷል ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ ታናሽ እኅት
ታላቅ እኅቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናዋንና ኪሞቴራፒዋን ጨርሳ አሁን ታሞክሲፌን የተባለውን የሆርሞን ሕክምና ክኒን ትወስዳለች። ምንም የሕመም ስሜት ባይኖራትም፣ ሐኪሟ ሳያዝላት በራሷ ፈቃድ ባሠራችው የደም ምርመራ ሲኤ 15-3 የተባለው 38 ሆኖ ተገኘ፤ ወረቀቱ ደግሞ ከ30 በታች መሆን አለበት ይላል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ይህ ቁጥር በሽታው መመለሱን ያረጋግጣልን? እኔና ሴት ልጇስ በማሞግራፊ (በጡት ራጅ) ፈንታ ይህንኑ ብንመረመር ይበቃናል?

መልስ፦ የካንሰር ሐኪም
ቁጥሩ ብቻውን አያረጋግጥም። ምርመራው የሚለካው ሙክ1 ከተባለ ፕሮቲን ተለይቶ ወደ ደም የሚገባውን ክፍል ነው፤ ይህን ፕሮቲን ጤናማ ሕዋሳትም ስለሚሠሩት፣ በጉበት በሽታ፣ ካንሰር ባልሆነ የጡት ሕመም ወይም በቫይታሚን ቢ12 እጥረት የተነሳ መጠኑ ከፍ ሊል ይችላል። በአንጻሩ ገና በጀመረ ካንሰር ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛው ስለማያልፍ፣ ለእርስዎም ሆነ ለልጇ የማሞግራፊ ምትክ ሊሆን አይችልም። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር ሕክምና ጨርሰው ምልክት ለማይታይባቸው ሴቶች ይህን ምርመራ ለክትትል የማይመክረውም፣ ሕይወት እንደሚያራዝም ማስረጃ ስላልተገኘለት ነው። ያም ሆኖ ውጤቱ ችላ አይባልም፤ እኅትዎ ለሐኪሟ ታሳየውና በአካል ትመርመር።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ
የሚደገም ከሆነ እባካችሁ በዚያው ላቦራቶሪ ይሁን፤ የተለያዩ መሣሪያዎች ለአንድ ናሙና የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉና። ለፀጉር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚንም በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን በሐሰት ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ደም ከመሰጠቱ በፊት ይነገረን። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ታናሽ እኅት
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከደም ውስጥ የዕጢውን ዲኤንኤ ፈልጎ የሚያገኝ ምርመራ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እርሱስ ይጠቅማት ይሆን?

መልስ፦ የካንሰር ሐኪም
ዛሬ ዋና ጥቅሙ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለተሰራጨ በሽታ መድኃኒት መምረጥ ነው። ለምሳሌ ኢኤስአር1 በተባለው ጂን ላይ ለውጥ ለተገኘባቸው ሕሙማን፣ ኤላሰስትራንት የተባለው መድኃኒት በ2023 በአሜሪካ ሲፈቀድ ለውጡን በደም የሚለየው ምርመራ አብሮ ጸድቋል። የእኅትዎ በሽታ መሰራጨቱ ስላልታወቀ አሁን አያስፈልጋትም። በሽታው ተመልሷል የሚያሰኝ ነገር በአካል ምርመራ ወይም በምስል ከታየም፣ በተቻለ መጠን ከቦታው ናሙና ተወስዶ በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ ያሉት የሆርሞን ተቀባዮችና ኸር2 የተባለው ፕሮቲን እንደገና መታየት አለባቸው፤ ከመጀመሪያው ዕጢ ተለውጠው ሊገኙ ይችላሉና። ለእርስዎና ለልጇ ግን ሌላ የደም ምርመራ ልጠቁም፦ እኅትዎ በወጣትነቷ ታማ ከሆነ ወይም በቤተሰቡ ሌላ የጡት ወይም የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ካለ፣ በዘር የሚተላለፉት ቢአርሲኤ 1 እና 2 የተባሉት ጂኖች ለውጦች በመጀመሪያ በእርሷ ላይ እንዲታዩ ሐኪሟን ጠይቁ።