ጠዋት ጠዋት አሜሪካዊውን ዘፋኝ ዶን ዊሊያምስን የሚሰማ አለ?

ሰላም ቤተሰብ። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ሚኒባስ እነዳለሁ። ረዳቴ የሚወደው ሞቅ ያለ ዘፈን ነው። እኔ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍላሽ ሰክቼ ዶን ዊሊያምስን እለቃለሁ። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባኝም፤ ግን ትከሻዬ ይላላል። ትናንት ጎመን የጫኑ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ተቆጥቶ ያውቃል?» አሉኝ። ምኑ ነው እንዲህ የሚይዘው?

መልስ፦ ድምፁ ነዋ! ወፍራም ነው፣ ግን አይጮህም። ጊታሩም እንደ ጋሪ ፈረስ ዱብ ዱብ ይላል እንጂ አይጋልብም። ቅጽል ስሙ ራሱ «ጄንትል ጃየንት» ነበር። ረጅም፣ ረጋ ያለ ሰውዬ።

መልስ፦ አባቴ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ነበር የሚሰማው። ሰውዬው የቴክሳስ ልጅ ነው፤ በፈረንጆቹ 1939 ተወልዶ 2017 አረፈ። ዚምባብዌ ድረስ መጥቶ ዘፍኗል።

መልስ፦ እኔን እንቅልፍ ነው የሚያመጣብኝ። ሹፌሬ፣ ተጠንቀቅ እንጂ!

ጠያቂው፦ ወንድሜ፣ በቃሊቲ መንገድ ማን ይተኛል? ደግሞ ረዳቴ ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ ዜማውን ሲያፏጭ ያዝኩት። «አላፏጨሁም» ብሎ ድርቅ!