ጥቆማ፦ ሊኑክስ ላይ ብሮውዘር ለሚንቀራፈፍባችሁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ብራችሁን የት ብታወጡት ይሻላል?

«ሊኑክስ ጭኛለሁ፤ ብሮውዘሩ ግን ይንቀራፈፋል። የትኛውን ኢንተርኔት ላስገባ? ራም (ማሽኑ ለጊዜው የሚሠራበት ሜሞሪ) ልጨምር ወይስ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ልግዛ? ወይስ ብሮውዘር ልቀይር?» ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ የሚመጣው ጥያቄ ሰሞኑን ይኸው ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ምክንያቱን ሳያውቅ ኪሱን ይፈታል። አንዱ ትልቅ የዳታ ጥቅል ይገዛል፤ ገጹ ግን ያው ነው። ሌላው ላፕቶፑን ይዞ ጠጋኝ ዘንድ ይሄዳል፤ ጠጋኙም ገና ሳይከፍተው «ፎርማት ይደረግ» ይለዋል። ስለዚህ ጥቆማዬን በነጻው እጀምርና ብር የሚያስወጣውን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ነው ወይስ የማሽኑ የሚለውን ለዩ። አንድ ረጅም የዊኪፒዲያ ገጽ ክፈቱ። ፎቶዎቹ ሁሉ እስኪመጡ ድረስ ወደ ታች ውረዱ። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፉና ገጹን ላይ ታች በሉት። አሁንም እየተንገጫገጨ የሚሄድ ከሆነ ኢንተርኔቱን አትውቀሱ፤ ጠፍቷልና። ችግሩ ማሽኑ ወይም ብሮውዘሩ ውስጥ ነው። ያለ ችግር ከተንሸራተተ ግን ወደ መስመሩ ዞር በሉ።

መስመሩ ከሆነም ጥቅል ለመቀየር አትቸኩሉ። ፋየርፎክስ ገጽ ሲከፍት ከታች በግራ ጥግ ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ትላለች። የድረ ገጹን ስም ሲፈልግ ብዙ ሰከንድ ቆይቶ ከዚያ ሁሉ ነገር በአንዴ የሚመጣ ከሆነ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም፤ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። በኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ በዲኤንኤስ ቦታ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 አስገቡና ሞክሩ። ምንም አያስከፍልም። ስሙን ወዲያው አግኝቶ መልስ በመጠበቅ ላይ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ወይ መስመሩ ተጨናንቋል ወይ ድረ ገጹ ራሱ ሰነፍ ነው። ሁለት ሦስት የተለያዩ ገጾች ከፍታችሁ ብታወዳድሩ ይለያል።

ሌላው ዋይፋዩ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የዋይፋይ ካርዱ ኃይል እንዲቆጥብ ተደርጎ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ያረጁ ካርዶች ታዲያ ቁጠባውን ከእንቅልፍ አይለዩትም። በኔትወርክ ማናጀር የማስተካከያ ፎልደር ውስጥ ስለ ዋይፋይ ፓወርሴቭ የሚናገር አጭር ፋይል አለ። ውስጡ ያለውን 3 ወደ 2 ቀይሩና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱት። የመንዝና የደብረ ብርሃን የድንጋይ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ግድግዳውን አትርሱ። ብርዱን የሚመክተው ወፍራም ድንጋይ ዋይፋዩንም ይመክተዋል። ራውተሩ ሳሎን፣ እናንተ ጓዳ ከሆናችሁ አንድ ቀን ላፕቶፑን ራውተሩ አጠገብ አስቀምጣችሁ ሞክሩ።

የትኛው ኢንተርኔት ለሚለው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ቤት የምትሠሩ ከሆነ የገመድ ብሮድባንድ፤ ሲም ካርዱ ለመጠባበቂያ። የሞባይል ዳታ ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ገመድን በቀላሉ አይተውም። ገመድ ከማይደርስበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ከጎረቤት የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ተዋሱ። ሁለቱንም ምሽት ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት፣ እዛው ቤታችሁ ሞክሩ። የሰፈር ወሬ ብቻ ሰምታችሁ አትግዙ፤ አንድ ኮረብታ ሁሉን ይለውጠዋል። ስልካችሁን ደግሞ ሆትስፖት ከማድረግ በዩኤስቢ ገመድ አገናኙት። ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያስጭን ይቀበለዋል፤ ስልኩም እግረ መንገዱን ቻርጅ ያደርጋል።

አሁን ወደ ማሽኑ። እኛ ዘንድ የሚዞረው ላፕቶፕ በአመዛኙ ያገለገለ ነው፤ 4 ጊጋ ራም እና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው። ዊንዶውስ ስለከበደው ሊኑክስ ይጫንበታል። ሊኑክሱ ራሱ ቀላል ነው። ፌስቡክና ዩቲዩብ ግን ሊኑክስ ላይ ስለተከፈቱ አይቀሉም። ሲስተም ሞኒተርን ክፈቱና ብሮውዘሩ ሲያቃስት ስዋፕ የሚለውን ተመልከቱ። ራሙ ሞልቶ ስዋፑ እየጨመረ ከሄደ ማሽኑ ራም ሲያጥረው ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመበት ነው። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ ያኔ ነው ማውሱ እንኳ ስታክ የሚያደርገው።

ይህን ያለ ወጪ ማስታገስ ይቻላል። ፋየርፎክስም ክሮምም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ የትኛው ታብ ምን ያህል እንደሚበላ ያሳያችኋል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ታብ ናቸው ቤቱን የሚያምሱት። በአዲሶቹ የፋየርፎክስ ስሪቶች ታቡን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ከራም ማራገፍ ትችላላችሁ፤ ታቡ ቦታው ላይ ይቆያል፣ ስትነኩት ተመልሶ ይከፈታል። ክሮም ላይ ሜሞሪ ሴቨር የሚባለው ይህንኑ በራሱ ይሠራል። ከዚህ ሌላ ዚራም ጫኑ። ራም ውስጥ ያለውን ጨምቆ ቦታ ያስለቅቃል፤ ዲስኩ ላይ ከመጻፍ እጅግ ይፈጥናል። ለ4 ጊጋ ማሽን ከነጻዎቹ ሁሉ አንደኛ የምለው እሱን ነው።

ብሮውዘሮቹን ላወዳድርላችሁ። ለደካማ ማሽንና ለውድ ዳታ ፋየርፎክስን ዩብሎክ ኦሪጅን ከሚባለው ማስታወቂያ ከልካይ ኤክስቴንሽን ጋር እመርጣለሁ። ክሮም የድሮውን የኤክስቴንሽን አሠራር ስለተወ ሙሉው ዩብሎክ እዚያ አይሠራም፤ ላይት የሚባለው ብቻ ነው ያለው። ፋየርፎክስ ላይ ግን ሙሉው አለ። ውስጡም ብዙ ሰው የማያውቃት ማስተካከያ አለች፦ ከተወሰነ ኪሎባይት በላይ የሆነ ፎቶና ቪዲዮ እስክትነኩት ድረስ እንዳይወርድ ታደርጋለች። መነሻዋ 50 ኪሎባይት ነው። በማስታወቂያና በራሱ በሚጀምር ቪዲዮ የታጨቁትን የዜና ድረ ገጾች በዚህ አይታችሁ ልዩነቱን ንገሩኝ። ብሬቭ ማስታወቂያ መከላከያው አብሮት ስለሚመጣ ኤክስቴንሽን መነካካት ለማይወድ ሰው ጥሩ ነው። ክሮምን የምመክረው የመሥሪያ ቤት ሲስተም ሌላ አልቀበልም ላለው ብቻ ነው። ፋልከን ቀላል ነው ሲባል ትሰማላችሁ። መስኮቱ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ግን የክሮሚየም ስለሆነ ከባድ ገጽ እዚያም ከባድ ነው። ያልኳቸውን ሁለት ሦስቱን በአንድ ላይ ከፍታችሁ ግን አታወዳድሩ፤ ራሙን አብረው ነው የሚሻሙት።

ኡቡንቱ ለያዛችሁ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ከ22.04 ስሪት ጀምሮ ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በሚባል፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አብሮ በያዘ ጥቅል ነው። ኮምፒውተሩ እንደተነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱት ይዘገያል፤ በሚሽከረከር ዲስክ ላይማ ቡና ያስፈላል። ከተከፈተ በኋላ ያን ያህል ልዩነት የለውም። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ደብ የሚባለው የተለመደው ጥቅል የሚወርድበት የራሱን ማከማቻ ስለሚያቀርብ ስናፑን አንስታችሁ ከዚያ መጫን ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ ጣጣ ለማይመቸው ሰው ግን ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ዓይነት ኤክስኤፍሲኢ ከተባለው ቀላል ዴስክቶፕ ጋር እጠቁማለሁ። ሚንት ፋየርፎክስን በስናፕ አያመጣም፤ ሚንት 22 ደግሞ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ያገኛል።

ከመሐል ሜዳ የጻፉልኝ መምህር፣ የእርስዎ ጉዳይ ቪዲዮ ብቻ ስለሆነ ለብቻው ልመልስ። ሌላው ገጽ ሁሉ ደህና ሆኖ ዩቲዩብ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ችግሩ የቪዲዮው ዓይነት ነው። ዩቲዩብ አብዛኛውን የሚልከው ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 በሚባል የቪዲዮ አጨማመቅ ነው። የእርስዎ ላፕቶፕ ኢንቴል አራተኛ ትውልድ ነው ብለውኛል፤ በዚያ ትውልድ የግራፊክስ ክፍሉ ቪፒ9ን መፍታት አይችልም። ስለዚህ ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን ይታገላል፣ ፋኑም ይጮኻል። ቪፒ9ን በደንብ የሚፈታው ከሰባተኛው ትውልድ ወዲህ ያለው ነው። መፍትሔው ዩቲዩብ የእርስዎ ግራፊክስ ክፍል የሚፈታውን ኤች 264 የተባለ አጨማመቅ እንዲልክ የሚያስገድድ ትንሽ ኤክስቴንሽን ነው፤ ኢንሃንስድ ኤች 264 ፋይ ይባላል። ጥራቱን 480 ላይ ካደረጉት ዳታውም ይተርፍልዎታል። በተጨማሪ በፋየርፎክስ አድራሻ መስመር ላይ about:support ብለው ጽፈው የሚከፈተውን ገጽ ይመልከቱ። ኮምፖዚቲንግ በሚለው መስመር ላይ ዌብሬንደር ከሚለው ቀጥሎ ሶፍትዌር የሚል ቃል ካለ ግራፊክስ ካርዱ ጨርሶ ሥራ አልያዘም ማለት ነው። ያኔ ድራይቨሩን ማስተካከል ይቀድማል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ራም ወይስ ኤስኤስዲ? ማሽኑ ለመነሳትና ብሮውዘሩን ለመክፈት የሚዘገይ፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ደህና ከሆነ ኤስኤስዲ። ደህና ተከፍቶ ታብ በበዛ ቁጥር የሚሞት ከሆነ ራም። ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ብር ካላችሁና ሁለቱም ምልክት ካለ እኔ ኤስኤስዲውን አስቀድማለሁ። ስዋፑም እዚያው ስለሚያርፍ የራሙን እጥረት በመጠኑ ይሸፍነዋል።

ራም ስትገዙ ዓይነቱን አረጋግጡ። የዚያ አራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ በአብዛኛው ዲዲአር3ኤል ነው የሚፈልገው፤ በ1.35 ቮልት የሚሠራው። ኤሉ የሌለው ተራ ዲዲአር3 1.5 ቮልት ስለሚፈልግ ብዙዎቹ አይነሱበትም። የድሮውን ራም ነቅላችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ከሁሉ ይሻላል። ኤስኤስዲ ስትገዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ እንዲሰካላችሁ ጠይቁ። ዲስክስ የሚባለው ፕሮግራም ስማርት የተባለውን የዲስኩን የጤና መረጃ ያሳያል፤ «አዲስ ነው» የተባለው ዕቃ ስንት ሰዓት እንደሠራ እዚያ ላይ ይነበባል። ሻጩ መሰካት ካልፈለገ እኔ አልገዛም።

ደብረ ብርሃን ወይስ አዲስ አበባ? አዲስ አበባ መገናኛ ሰፈር ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዋጋም ማወዳደር ይቻላል። ግን ዕቃው ቢበላሽ 130 ኪሎ ሜትር ተመልሶ መሄድ አለ፤ የትራንስፖርቱ ብር ደግሞ ያገኛችሁትን ቅናሽ ይበላዋል። እኔ ለአንድ ራም ወይም ለአንድ ዲስክ እዚሁ ከሚያውቁኝ ሱቅ እገዛለሁ፤ ዋስትናው የባለሱቁ ፊት ነው። ሙሉ ላፕቶፕ ለሚገዛ ግን መገናኛ ይሻላል። ከደብረ ሲና ማዶ ላላችሁ መንገዱ የበለጠ ይረዝማልና በሰው ከማስመጣት በፊት የዕቃውን ፎቶ ከነጽሑፉ አስልኩ።

ቻርጀር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም ስለማይጠረጥረው። ዴል ላፕቶፖች ቻርጀሩን ካላወቁት ፕሮሰሰሩን ዝቅ አድርገው ያሠሩታል። ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሰውም ኢንተር ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ብሮውዘሩን ይረግማል። ራሙ ባዶ ነው፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው፣ ማሽኑ ግን ይጎተታል። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ስታዩ 800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ተጣብቆ ከቀረ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ትክክለኛውን ቻርጀር ከሰው ተውሳችሁ ሰኩና አወዳድሩ። መብራት ሄዶ በባትሪ ስትሠሩ ደግሞ ፓወር ሴቨር የሚባለው ኃይል ቆጣቢ በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ መብራት ከመጣም በኋላ እዚያው ሊቀር ይችላል።

የሸዋ ሮቢቷ እህቴ፣ ያንቺ ላፕቶፕ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚያዘግመው በሙቀት ሳይሆን አይቀርም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ እኛን ብርዱ ያግዘናል፤ እናንተ ቆላ ናችሁ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሴንሰርስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጭነሽ ቁጥሩን ጠዋትና ከሰዓት እዪው። ከሰዓት 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚል ከሆነ ብሮውዘር መቀየሩ አይጠቅምሽም። ፋኑ ይጽዳ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ይቀየር። ይህን ሥራ ጠጋኙ ፊትሽ እንዲሠራው አድርጊ፤ «ፎርማት» ካለሽ ግን ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።

ከዚህ በኋላ የምትጠይቁኝ፣ የላፕቶፑን ሞዴል፣ የራሙን መጠን፣ ዲስኩ የሚሽከረከር መሆን አለመሆኑን፣ የየትኛው ሊኑክስ ስንተኛው ስሪት እንደሆነና ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ስትሞክሩት ምን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉልኝ። ሱቅ የምትጠቁሙም ካላችሁ ዕቃውን ሰክቶ የሚያሳይ መሆኑን ጨምሩበት።