ጉግል ክሮምን ሽጥ መባል ነበረበት ወይስ የለበትም?

አወያይ፦ ሰላም ቤቶች! የዛሬው ክርክር የአሜሪካው የጉግል ክስ ነው። ዳኛ አሚት ሜህታ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ጉግል በኢንተርኔት ፍለጋ ሕገወጥ ሞኖፖሊ አለው ብለው ፈረዱ። መንግሥት የጉግል ብሮውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ) የሆነው ክሮም ይሸጥ አለ። በሴፕቴምበር 2025 ግን ዳኛው አይሸጥም አሉ። የከለከሉት ለሌላ ተፎካካሪ በር የሚዘጋ፣ ጉግል ብቻ ይሁን የሚል ውል ነው። ከፍለጋ ዳታውም የተወሰነውን ለተፎካካሪ እንዲያካፍል አዘዋል። ልክ ናቸው? ስድብ አይፈቀድም።

ቦሌ ኮደር፦ ልክ ናቸው። ሰው ጉግልን የሚጠቀመው ስለሚበልጥ ነው፣ አለቀ። አውሮፓ በ2018 ከ4 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣችው። ከዚያ አንድሮይድ ላይ «የፍለጋ ሞተር ይምረጡ» የሚል ገጽ መጣ። ሰዉ ምን መረጠ? ጉግልን!

ጠበቃዋ፦ ቦሌ፣ የሚበልጥ ከሆነ ምን አስከፈለው? በ2021 ብቻ ስልክና ብሮውዘር ላይ ቀድሞ ተጭኖ ለመገኘት 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በ2022 ለአፕል ብቻ 20 ቢሊዮን ገደማ። ሰው ወዶ የሚመጣበት ቤት በር ላይ ደላላ አያቆምም። ፍርዱን ደግሞ አንብበው። የማይክሮሶፍቱ ብሮውዘር ኤጅ ላይ ተጭኖ የሚመጣው የራሱ የፍለጋ ሞተር ቢንግ ነው። እዚያ ከሚደረገው ፍለጋ 80 በመቶ ገደማው በቢንግ ነው።

ቦሌ ኮደር፦ ኤጅ ላይ የቀረውማ ክሮም ለማውረድ የሰነፈው ነው 😄 ሌላው ሰው ኤጅን የሚከፍተው አንዴ ነው፣ ክሮምን ለማውረድ።

ጠበቃዋ፦ ራስህ መሰከርክ! የተጫነለትን የማይነካው ሰው ነው እኮ ገበያው። 20 ቢሊዮኑ የሚከፈለው ለእሱ ስንፍና ነው።

ጋሼ ቨርጂኒያ፦ ልጆች፣ ይሄ ፊልም ድሮ ታይቷል። በ1998 ማይክሮሶፍት ብሮውዘሩን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ ተፎካካሪውን ብሮውዘር ኔትስኬፕን አፈነ ተብሎ ተከሰሰ። በ2000 ዳኛ ጃክሰን ለሁለት ይከፈል አሉ። በ2001 ይግባኝ ሰሚው መከፈሉን ሻረ፤ ሞኖፖሊውን በሕገወጥ መንገድ አስጠብቋል የሚለውን ግን አጸና። በስምምነት አለቀ። ኔትስኬፕ ያኔ አልቆለታል። ግን ክሱ ከንቱ አልነበረም። ጉግል ራሱ ኩባንያ የሆነው በ1998 ነው፤ ማይክሮሶፍት ፍርድ ቤት ባይመላለስ ኖሮ በእንጭጩ ይቀጨው ነበር ባይ ነኝ።

ሸገር፦ ኧረ ተዉ፣ በሬሳ ነው የምትከራከሩት። እኔ ሁሉን ነገር ቻትጂፒቲን ነው የምጠይቀው። የአፕሉ ኃላፊ ኤዲ ኪው እንኳ በአፕል ብሮውዘር በሳፋሪ የሚደረገው ፍለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ ብሎ ፍርድ ቤት መስክሯል።

ጠበቃዋ፦ ሸገርዬ፣ እሱም ነገ ስልክሽ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ዳኛው እገዳውን እስከ ጉግል የራሱ ቻትቦት ጀሚናይ ያደረሱት ለዚህ ነው። በዚህ አደንቃቸዋለሁ።

ቦሌ ኮደር፦ ፋየርፎክስ ብሮውዘርንስ? የባለቤቱ የሞዚላ ገቢ አብዛኛው ከጉግል ነው። ክፍያው ቢቋረጥ ህልውናችን አደጋ ላይ ይወድቃል ብለው ራሳቸው ቀርበው መስክረዋል። ነጻ ብሮውዘር ልታድኚ ገደልሽው።

ጠበቃዋ፦ ተፎካካሪው በተከሳሹ ቀለብ የሚያድርበት ገበያ ጤነኛ ነው ትላለህ?

አወያይ፦ ጠበቃዋ፣ እንግዲያው ክሮም ይሸጥ ነው የምትይው?

ጠበቃዋ፦ አላልኩም። ክሮም ቢሸጥ የሚገዛውም ሌላ ግዙፍ ነው። እኔ የምለው ክፍያው ይቁም ነው። ዳኛው ውሉን «ብቸኛ አይሁን» ብለው ገንዘቡን ግን ፈቀዱ። 20 ቢሊዮን የሚያቀርብ ሌላ ማን አለ? ስሙ ተቀየረ እንጂ ቦታው ያው የጉግል ነው።

ቦሌ ኮደር፦ እሺ፣ ይቁም። አፕል የጎደለውን 20 ቢሊዮን አይፎን ላይ ሲጨምረው እዚሁ እንገናኛለን።