ልጄ «እሑድ ደግሞ ልውጣ?» አለችኝ፤ ምን ልበላት?

እናት ከጅማ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስሜን ባልጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እሸጣለሁ። በሌላው ቀን እቤቴ በር ላይ ነኝ። ጌታን ከተቀበልኩ 18 ዓመት ሆኖኛል።

ጥያቄዬ ስለ ልጄ ነው። 14 ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። 5 ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር ታማ 12 ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። ድና ወጣች። እኔም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ምስክርነት ሰጠሁ። ሰባት ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት ፀጉሯን እየሠራሁላት ጭኔ ላይ ተንቀጠቀጠች። ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ 9 ዓመት እየተጠጋን ነው።

አልጸለያችሁም እንዳትሉኝ። እህል ውኃ ሳንቀምስ ሦስት ቀን የጾምንበት ጊዜ አለ። ሌሊት ተነሥተን ጸልየናል። ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ ለኮንፈረንስ ወስጃታለሁ። የተጸለየበት ዘይት ከአልጋዋ ራስጌ አይጠፋም። «የታመማችሁ ወደ ፊት ውጡ» ሲባል እስካሁን 6 ጊዜ ወጥታለች። ቆጥሬዋለሁ።

አምስተኛው ላይ የሆነውን ልናገር። በእንግድነት የመጣ አገልጋይ እጁን ጫነባትና «ተፈውሰሻል፤ መድኃኒቱን ጣይው» አላት። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ። እቤት ገብቼ ክኒኗን ሽንት ቤት ጣልኩት። በአራተኛው ቀን ሌሊት ጀመራት። አንዱ ሳይለቃት ሌላው ይመጣል፤ መሃል ላይ እንኳ አትነቃም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር፤ ስጮህ ማንም አልሰማኝም። በኋላ ባጃጅ ተገኝቶ ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሙ ክኒኑ በአንዴ ሲቋረጥ እንዲህ እንደሚያመጣ ነገረኝ። «ማነው ያስቆማት?» አለ። «እኔ» አልኩት።

ይኸው ሦስት ዓመት አለፈው። ክኒኑን ዳግመኛ አላቋረጥንም። ግን አሁንም በወር አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ ይመጣባታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፊት ለፊት ስትቆም አየኋት። የሚጸልዩላት ሰዎች ግንባሯን ይዘው ወደ ኋላ ገፋ ያደርጓታል። መንፈስ ሲነካት ትወድቃለች ብለው ነው የሚጠብቁት። ልጄ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ እንደ መውደቅ የምትፈራው ነገር የለም። እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣ በጫማዋ ውስጥ ጣቶቿን ቆንጥጣ ነው የምትቆመው። ጫማዋ ሲታጠፍ ይታየኛል።

በሚመጣው እሑድ እንግዳ አገልጋይ አለ፤ ለሕሙማን ይጸለያል ተብሎ ተነግሯል። ረቡዕ ማታ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እያጣጠፈች «እማ፣ እሑድ ደግሞ ልውጣ? ካልወጣሁ ጌታ ይቀየመኛል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። «ተኚ፣ ነገ ትምህርት አለ» አልኳት።

ጌታ ለምን እንዳልፈወሳት አይደለም የምጠይቃችሁ። እሱን ለራሱ ጠይቄዋለሁ፤ አሁንም እያለቀስኩ እጠይቀዋለሁ። እናንተን የምጠይቀው የእሑዱን ነው። ልጄን ምን ልበላት?

እምነት ይበልጣል፦

እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። ሕመማችሁ ተሰምቶኛል። ነገር ግን ቃሉ «በእርሱም ቁስል እኛ ተፈወስን» ይላል። ተፈወስን ነው እንጂ እንፈወሳለን አይልም። ንዕማን ዮርዳኖስ ውስጥ የገባው 7 ጊዜ ነው። በስድስተኛው ቢመለስ ኖሮ ከነለምጹ ይሄድ ነበር። ልጅሽ 6 ጊዜ ወጥታለች አልሽ፤ ሰባተኛውን አትከልክያት። ቤታችሁ ውስጥ ጥርጣሬ ካለም ንስሐ ግቡ። በፍቅር ነው የምልሽ።

የቀድሞ የጸሎት አገልጋይ፦

እህቴ፣ እኔ ከ20 ዓመት በላይ ለሕሙማን ስጸልይ ኖሬያለሁ። የተፈወሱ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን አልክድም። ባለቤቴን ደግሞ በጡት ካንሰር ቀበርኩ። እሷም የጸሎት ሰው ነበረች፤ ምናልባት ከእኔ የበለጠች። በለቅሶው ላይ አንድ ወንድም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የተሰወረ ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ። ያ ቃል ሁለት ዓመት እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንቺ ላይም እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከእኔ በፊት የጻፈው ወንድማችን ንዕማንን አንሥቷል። መልካም። ንዕማንን ወደ ዮርዳኖስ የላከው ኤልሳዕ ነው። ያው ኤልሳዕ በመጨረሻ ታሞ ሞተ። ሁለተኛ ነገሥት 13 ላይ «በሚሞትበት በሽታ ታመመ» ተብሎ ተጽፏል። እምነት ጎድሎት ነበር የሚል ቃል እዚያ የለም። ጳውሎስም ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። የልብሱ ቁራጭ እንኳ ድውይ የሚፈውስለት ሰው ነው። ጢሞቴዎስን ሆዱን ሲያመው ጥቂት ወይን ጠጅ ጠጣ አለው እንጂ በእምነቱ አልወቀሰውም። ስለ ራሱ የሥጋ መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው የተባለው። እኔ ይህን ቃል ለረጅም ጊዜ ለሰው በቶሎ እሰጥ ነበር፤ እንደ ማስታገሻ። አሁን አልቸኩልም። ጳውሎስ ራሱ የሰማው ሦስት ጊዜ ከለመነ በኋላ ነውና።

ሌላው ሰው «ይህ በሽታ ጋኔን ነው» ሊልሽ ይችላል። ማርቆስ 9ን ይጠቅሱልሻል። ማቴዎስ 4፥24ን ክፈቺ። ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችን ለብቻ ይጠራቸዋል። በጨረቃ የሚነሣ የተባለው ይኸው የልጅሽ ዓይነት ሕመም ነው። ማርቆስ 9ን ግን ለራስሽ አንብቢው፤ ስለ አባትየው። ልጁ ወደ እሳትም ወደ ውኃም የሚወድቅበት አባት ነው። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታ «መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ና» አላለውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያዕቆብ 5ን ቀስ ብለሽ እዪው። «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ነው የሚለው። የሚሄዱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። በሽተኛው መድረክ ላይ ይቁም የሚል የለበትም። እኔ ይህን ሳላስተውል ስንት ሕመምተኛ አሰልፌያለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ልጅሽ እሑድ መውጣት ግዴታዋ አይደለም። ሁለት የምታምኛቸውን ሽማግሌዎች እቤት ጥሪ። ተቀምጣ ይጸልዩላት። እጅ ከመጫናቸው በፊት እሷን ያስፈቅዷት። ምን እንዲጸለይላት እንደምትፈልግም እሷን ይጠይቋት።

ነርስ ነኝ፦

እህቴ፣ እኔም አማኝ ነኝ። ሥራዬ ላይ በየሳምንቱ እንደ አንቺ ያለች እናት አያለሁ። ክኒኑን በመጣልሽ ራስሽን መቅጣት ይብቃሽ። የነገረሽ ሰው ላይ ነው ከባዱ ተጠያቂነት።

አሁንም በወር አንዴ ሁለቴ ከመጣባት ለሐኪሟ ንገሪ። ብዙዎች «መድኃኒት እየወሰደች ነው» ብለው ዝም ይላሉ። የምትወስደው ፌኖባርቢታል ከሆነ መጠኑ ለድሮ ኪሎዋ የታዘዘ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ታድጋለች። ካልበቃትም ሌላ መድኃኒት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመውደቁ ሊገላገሉ እንደሚችሉ ይናገራል። ሁለት ዓመት ሳይመጣባት ከቆየች ደግሞ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ማቆምን ሊያስብበት ይችላል። በራስ ፈቃድ በአንዴ ማቆም ግን ያየሽውን ያመጣል።

ሲጥላት በጎኗ አስተኚያት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ፣ ሰዓት ያዢ። ማንኪያም ሆነ ጣት አፏ ውስጥ አይግባ። ክብሪት ጭረው የሚያሸቷትን ከልክዪ፤ ምንም አይጠቅማትም፣ ሊያቃጥላት ግን ይችላል። አረፋው ወደ ማንም አይተላለፍም። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ወደ ሐኪም ቤት ነው። ቡና ስታፈላ ከሰሉ አጠገብ ብቻዋን አትተያት። እኛ ጋ በእሳት ተቃጥለው የሚመጡት ብዙ ናቸው። የመጣባትን ቀንና ደቂቃውን በካላንደር ላይ ጻፉ፤ እሷ ራሷ ብትጽፈው ደግሞ ጥሩ ነው። ቀጠሮ ስትሄዱ ለሐኪሙ ከቃል ይልቅ ያ ወረቀት ይጠቅመዋል።

የእመቤቴ ልጅ፦

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሃይማኖታችን ቢለያይም እናትነቱ አንድ ነውና ልጻፍልሽ። ወንድሜ ይኸው በሽታ አለበት። ጠበል ይዘነው ስንሄድ የተቀበሉን አባት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መድኃኒቱን ይዛችኋል?» የሚል ነበር። ጠዋት ተጠምቆ ማታ ክኒኑን ይውጣል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይወሰዱ ብለው ሲያስተምሩ አስታውሳለሁ። ወንድሜ እስካሁን አልዳነም። እናቴ ግን ለማርያም የተሳለችውን ጃንጥላ «ሳይድንስ ብሰጥ ምን አለበት» ብላ ባለፈው ዓመት አስገባች። እግዜር ያጽናሽ።

ያቺ ልጅ ነበርኩ፦

እትዬ፣ እኔ 23 ዓመቴ ነው። የእርስዎን ጽሑፍ ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ወጥቼ አለቀስኩ። እኔም የሚጥል በሽታ አለብኝ። እኔም ስወጣ ነው ያደግኩት።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። 13 ዓመቴ ላይ ሲገፉኝ ሆን ብዬ ወደቅሁ። እማዬ ከኋላ ቆማ እጆቿን አንሥታ ነበር፤ እንድትደሰት ብዬ ነው። በጣም ተደሰተች። በሚቀጥለው ሳምንት ምስክርነት ሰጠች። ከዚያ በኋላ ሲመጣብኝ መደበቅ ጀመርኩ። ሊመጣ ሲል ግራ እጄን ይቆረጥመኛል። ያን ጊዜ ሮጬ መጸዳጃ ቤት እገባና በሩን እዘጋለሁ። አንድ ቀን ሲሚንቶው ላይ ጥርሴ ተሰበረ። እማዬ ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። አልተቆጣችኝም። «በእኔ ምክንያት ነው» ብላ ለብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር ምግብ መብላት እንኳ አቃታት።

ልጅዎ «ጌታ ይቀየመኛል?» ስትል ምናልባት «እማ ትቀየመኛለች?» ማለቷ ይሆናል። እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ብትወጣም ባትወጣም እንደማይቀየሟት በአፍዎ ይንገሯት። ከዚያ ምን እንደምትፈልግ ይጠይቋት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

አሁንም እጸልያለሁ። እንድፈወስም እለምናለሁ፤ አላቆምኩም። ለብቻዬ ግን ነው፤ ተኝቼ፣ ማንም ሳይገፋኝ።

እናት ከጅማ፦

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። ሳልመልስ የዘገየሁት እስኪሆን ጠብቄ ነው።

«ያቺ ልጅ ነበርኩ» ያልሽው ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ማታ የልጄን ፀጉር እየሠራሁ «ብትወጪም ባትወጪም እኔ አልቀየምሽም፤ ጌታም አይቀየምሽም» አልኳት። ፊቷን አላየሁትም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተቀመጠችው። ትከሻዋ ግን ወረደ። ትንሽ ቆይታ «እንዲጸለይልኝ እፈልጋለሁ፤ መቆም ነው ያስጠላኝ» አለች። እሑድ ሲጠሩ ሁለታችንም ከወንበራችን አልተነሣንም። አንዲት እህት ዞር ብላ አየችን። ልጄ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ እኔም ያዝኳት።

ማክሰኞ ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ጎረቤቴም መጣች። እሷ ሙስሊም ናት። ባለፈው ክረምት ልጄ አጥር ውጭ ስትወድቅ ሰው አረፋውን ፈርቶ ሲሸሽ እሷ ናት ጭቃው ላይ ተቀምጣ ራሷን የታቀፈቻት፤ አፏንም በገዛ ሻርፗ ጠረገችላት። በየሶላቷ ዱዓ እንደምታደርግላት አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬም ቅሪ አልኳት። ቡናውን እሷ ቀዳች፤ ከሰሉን ከልጄ አርቃ አስቀመጠችው።

አንደኛው ሽማግሌ ልጄን «ምን ብለን እንጸልይልሽ?» አላት። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰኔ ላይ ትፈተናለች። «ፈተና ላይ እንዳይመጣብኝ» አለች። እንድትድን የምትል መስሎኝ ነበር። እሳቸውም እንዳለችው ጸለዩ። መጨረሻ ላይ «ደግሞም እንድትፈውሳት እንለምንሃለን» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። ዘይቱን ግንባሯ ላይ ሲቀቡ አልገፏትም። ተቀምጣ ነበር።

እምነት ይበልጣል ያልከው ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፍከው አምናለሁ። ንስሐ ገብቻለሁ፤ ስለ ክኒኑ።

ነርሷ እህቴ፣ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አስያዝኩ። ኪሎዋን ስንመዝን መድኃኒቱ ሲታዘዝላት ከነበረው በ11 ኪሎ ጨምራለች። ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር።

ሐሙስ ሌሊት ግን መጣባት። በጎኗ አስተኛኋት። ነጠላዬን አጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ፤ ስልኬ ላይ ሰዓቱን አየሁ። እየጸለይኩ ቆጠርኩ። ስትነቃ ምላሷ ከብዷት «ስንት ደቂቃ?» አለችኝ። «ሁለት» አልኳት። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ካላንደሩ ላይ በእርሳስ ጻፈችው።