የግጥም ረቂቅ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ቱተሮቻችንን እንዴት እናዘጋጃቸው?

ጠያቂ፦ የማዕከል አስተባባሪ፣ ስድስት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ የዩኒቨርሲቲ የጽሕፈት ድጋፍ ማዕከል የቱተሮችን ሥልጠና አስተባብራለሁ። ቱተሮቻችን የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የሠለጠኑት በድርሰት፣ በቤተ ሙከራ ሪፖርትና በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ዋናው ሐሳብ የቱ እንደሆነ፣ አንዱ አንቀጽ ከሌላው እንዴት እንደሚያያዝ፣ ማስረጃው በቂ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያውቁበታል። በዚህ ሴሚስተር ግን የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎች የግጥም ረቂቅ ይዘው መምጣት ጀምረዋል፤ አብዛኞቹ በአማርኛ፣ ጥቂቶቹ በእንግሊዝኛ የጻፉ ናቸው። ቱተሮቹም በሁለት ጎራ ተከፈሉ። ከፊሎቹ «ግጥም ስሜት ስለሆነ አይነካም» ብለው አድንቀው ይሸኛሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ እስክሪብቶ አንሥተው ስንኙን ራሳቸው ይጽፉታል። ሁለቱም ተማሪውን አልረዱትም። ለሥልጠናው ያለኝ አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በምን ላይ ባተኩር ይሻላል ትላላችሁ? ቱተሩስ ራሱ ገጣሚ መሆን አለበት?

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህር

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ገጣሚ መሆን አይጠበቅበትም፤ የሚሰማ ጆሮ ግን የግድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከቅዳሜው ጊዜ ግማሹን በንባብ ላይ ያውሉት። ተማሪው ግጥሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ቀጥሎ ያንኑ ግጥም ቱተሩ ሳይዘጋጅ ያንብበው፤ ተማሪውም ቱተሩ የት እንደተደናቀፈ በራሱ ቅጂ ላይ ምልክት ያድርግ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ «አለ» የሚለውን ጸሐፊው አጥብቆ «ኖረ» ለማለት ሲያስበው፣ አንባቢው አላልቶ «ተናገረ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። የግጥሙ ወርቅ፣ ማለትም ድብቁ ትርጉሙ፣ በዚህ ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን ደግሞ፣ በልቡ የሚያነብ ቱተር ወይ ሳያየው ያልፋል፣ ወይ እንደ ስሕተት ያሰምርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ምጣኔ፣ ማለትም የስንኙ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ሲሠራ አያለሁ። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኙ በሁለት ሐረግ ተከፍሎ ስድስት ስድስት ቀለም (ሲነበብ በአንድ ጊዜ የሚሰማ የድምፅ ክፍል) ይይዛል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉ አራት አራት ነው። ጀማሪው ቱተር ይህን ከተማረ በኋላ ፊደል መቁጠር ይጀምራል። ለሥልጠና ያህል አሁን የገጠምኩትን ስንኝ ይመልከቱ፦

የሰኔ ደመና / ቢጠቁር ቢከብድም

በፊደል ከተቆጠረ የመጀመሪያው ሐረግ ስድስት፣ ሁለተኛው ዘጠኝ ስለሚሆን «ያልተመጣጠነ ነው» ሊባል ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን «ቢ፣ ጠ፣ ቁር፣ ቢ፣ ከብ፣ ድም» ስድስት ነው፤ ሳድሶቹ ድምፃቸውን ከጎረቤታቸው ጋር ስለሚጋሩ የሚቆጠረው የሚሰማው ቀለም ብቻ ነው። ቱተሮቹ ይህን በጭብጨባ ቢለማመዱት በሰዓት ውስጥ ይይዙታል። የቤቶቹን ስም መሸምደዳቸው ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ዕውቀቱ የሚጠቅመው፣ ስንኙ ሲጎድል ወይም ቤት ሳይመታ ሲቀር «እዚህ ጋ ሆን ብለህ ነው የሰበርከው?» ብሎ ለመጠየቅ ነው፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ስብራቱ በሰሚው ላይ ምን እንዳደረገ ነግሮ ማለፍ ይበቃል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ግጥም ሲመጣ ግን ይህን መለኪያ አይጠቀሙ፤ የዚያ ቋንቋ ባህላዊ ምጣኔ በአብዛኛው የሚቆመው ቃላቱ ሲነገሩ ጠንከር ብሎ በሚወጣው ቀለም ላይ ነው።

ከዚህ ውጭ ቱተሩ ከራሱ አንዲት ቃል እንኳ ባያቀብል እመርጣለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ የቅኔ ተማሪ

በመምህሩ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አልስማማም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ቅኔ ቤት ነበርኩ። እዚያ ተማሪው ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ ይጀምራል፤ ባለ ሦስቶቹን ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን አልፎ፣ እያደገ ስምንት ስንኝ እስካለው መወድስ ድረስ ይዘልቃል። ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ተማሪ ሲበዛ ደግሞ ከበሰሉት መካከል አስነጋሪ ይመደብና ታናናሾቹ ለእርሱ ይነግራሉ፣ እርሱም ሰምቶ ያርማል። ዛሬ ቱተር የምንለው ከአስነጋሪ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ቱተሩ በሥራው ላይ ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው፤ ይህም በዩኒቨርሲቲ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ግጥሙ የሚታረመውም ነጥብ የሚሰጠውም በኮርሱ መምህር ነው።

ነገር ግን ምንም ምሳሌ ያላየ ጀማሪ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ተብሎ ደጋግሞ ቢጠየቅ የሚመልሰው አይኖረውም። ሰምና ወርቅ እንዴት በአንድ ቃል ላይ እንደሚገናኙ የተረዳሁት ሲሠራ አይቼ ነው። ስለዚህ ቱተሩ ያሳይ፤ የሚያሳየው ግን ለዚሁ ብሎ ባዘጋጀው ስንኝ ላይ ይሁን፤ የተማሪው ስንኝ እንዳለ ይቆይለት። እያንዳንዱ ቱተር ከቅዳሜው ሥልጠና በፊት አራት ስንኝ ጽፎ ቢመጣ፣ ማሳያም ይኖረዋል፣ የራስን ግጥም በሰው ፊት ማውጣት ምን እንደሚመስልም ይቀምሰዋል።

መልስ፦ የቀድሞ ቱተር፣ አራት ኪሎ

እኛ ዘንድ የሠራው አንድ ደንብ ነበረ፦ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች «ደስ ይላል»ም «ይህን ቀይረው»ም አይባልም። ቱተሩ የሚናገረው የሰማውን ብቻ ነው፤ «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተናጋሪው ሲቆጣ ሰማሁት፤ አምስተኛው ላይ ቁጣው የት እንደሄደ አላገኘሁም» እንደ ማለት ነው። ተማሪው ብዙ ጊዜ ከዚህ ተነሥቶ የሚያስተካክለውን ራሱ ያገኘዋል።

«ተናጋሪው» ማለታቸውንም አጥብቀው ያሠልጥኗቸው። ስለ ሐዘን ወይም ስለ ቤተሰብ ጠብ የጻፈችን ልጅ «አባትሽ እንዲህ አድርጎሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ውይይቱን ከግጥሙ አውጥቶ ወደ ገመናዋ ይወስደዋል፤ በግጥሙ ውስጥ «እኔ» የሚለው ድምፅ ጸሐፊዋ ላይሆን ይችላል። ጽሑፉ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካሳየ ግን፣ ቱተሩ ለብቻው እንዳይሸከመው ለእርስዎና ለተማሪዎች የምክር አገልግሎት የሚያሳውቅበት መንገድ አስቀድሞ ይነገረው።

ጠያቂ፦ የማዕከል አስተባባሪ፣ ስድስት ኪሎ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አራቱን ስንኝ ከአሁኑ አዝዣለሁ፤ ማጉረምረሙም ተጀምሯል። የቀረችኝ አንድ ጥያቄ ናት። አንዳንዶቹ ተማሪዎች የሚጽፉት ለመድረክ ነው፤ በራስ ሆቴል ሲቀርብ የኖረውን ግጥም በጃዝ እየሰሙ ያደጉ ናቸው። የእነርሱ ረቂቅ በወረቀት ላይ ሲታይ ድግግሞሽ ይበዛበታል። ቱተሩ ይህን እንደ ድክመት ያንሣው?

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህር

አስቀድሞ የት እንደሚቀርብ ይጠይቅ። በ1950ዎቹ በኮሌጅ ቀን ይነበቡ የነበሩት የተማሪ ግጥሞችም ለተሰበሰበ ሕዝብ ጆሮ የቀረቡ ናቸው፤ ሰሚ እንደ አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማያነብ ድግግሞሹ ያስፈልገዋል። ተማሪው ያንኑ ግጥም ለኮርሱ መምህር በጽሑፍ የሚያስገባ ከሆነ ግን፣ ሁለት ቅጂ እንዲያዘጋጅና የትኛው ድግግሞሽ በወረቀቱም ላይ ቦታ እንዳለው እንዲመርጥ ቱተሩ ይጠይቀው። የሥነ ጽሑፍ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም፤ አንድ ግጥም አንድ መልክ ብቻ ነው ያለው ይላል። ከእርሱ ጋር ተከራክረን አልጨረስንም።

በወንድሜ የቅኔ ተማሪ እርማት ግን ተስማምቻለሁ፤ ማሳየቱ ይኑር።