ሰደፍ የሚገጠምለት የአየር መሣሪያ ሽጉጥ ነው ጠመንጃ?

ባለ ዒላማ (ሊድስ፣ እንግሊዝ)፦ ሰላም ወገኖች። ዒላማ መተኮስ ጀምሬያለሁ። አንድ ሰው ያገለገለ የአየር መሣሪያ (በአየር ግፊት የሚተኩስ) ሊሸጥልኝ ነው። ሽጉጥ ነው፤ ግን የሚነቀል ሰደፍ አለው። «ሰደፍ ካለው ጠመንጃ ነው፣ እስከ 12 ፉት ፓውንድ (የተኩስ ኃይል መለኪያ) ይፈቀዳል» ይለኛል። ልመነው? ለገና ደግሞ ግላስጎው ወንድሜ ጋ ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ።

ዘውዱ፦ ወንድሜ፣ ብር እንዳትከፍል! እዚያ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ሽጉጥ ኃይሉ ከ6 ፉት ፓውንድ መብለጥ የለበትም፤ 8.1 ጁል ገደማ ነው። ለጠመንጃ 12 ነው። ይህ የ1969 ደንብ ነው። ዋናው ጣጣ ገደቡ ሲታለፍ ነው። ከ12 ያለፈ ጠመንጃ በፖሊስ ፈቃድ ሊያዝ ይችላል። ከ6 ያለፈ ሽጉጥ ግን የተከለከለ መሣሪያ ነው፤ ተራ ፈቃድ አያድነውም።

ሕሊና፦ ዘውዱ ልክ ነው። አስቸጋሪው ነገር ደንቡ «የአየር ሽጉጥ» ይላል እንጂ ትርጉሙን አያስቀምጥም። ብዙ ሰው አፈሙዙ ከ30 ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያጠረ መሣሪያ የተከለከለ ነው የሚለውን ልኬት ይጠቅሳል። ያ ልኬት ተራ የአየር መሣሪያን አይነካም። ኃይሉ ከገደቡ ሲያልፍ ግን ከለላው ይነሳል፤ ያኔ ማጠሩ ራሱ ወንጀል ይሆናል። ሰደፉ ተነቅሎ በአንድ እጅ የሚተኮስ ከሆነ ፍርድ ቤት ሽጉጥ ቢለው አይገርመኝም። በሻጭ ቃል እስር ቤት አይገባም። ከ6 በታች ካልሆነ ተወው።

ባለ ዒላማ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኃይሉን በምን ላውቅ?

ዘውዱ፦ የተኩስ ክለቦች ክሮኖግራፍ አላቸው፤ የጥይቷን ፍጥነት ይለካል። ግማሽ ግራም የምትመዝን ጥይት በሴኮንድ 180 ሜትር ከበረረች 8.1 ጁል ናት፤ ገደቡ ጫፍ ላይ ነህ ማለት ነው። በአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ አትለካ። በታመቀ አየር የሚሠራው ብዙ ጊዜ በከባድ ጥይት ኃይሉ ይጨምራል።

ሰላም (ግላስጎው)፦ የገናውን ነገር እኔ ልመልስ። ስኮትላንድ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ 6 ፉት ፓውንድ እንኳ ባይሞላ ከ1 ጁል በላይ የሆነ የአየር መሣሪያ ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል። ለእንግዳ የጎብኚ ፈቃድ አለ፤ ከጉዞህ አስቀድመህ ለስኮትላንድ ፖሊስ አመልክት። ፈቃዱ እጅህ ካልገባ መሣሪያውን ሊድስ ቆልፈህበት ና።